አሮጌውን አግሪኮላ በአዲሱ ከመለወጣችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አግሪኮላ የሚባለው ቦርድ ጌም ቤታችሁ ካለ በአዲሱ ሳጥን አትለውጡት። ቢያንስ ይህን ሳትጨርሱ እሺ አትበሉ። እኔ ለውጫለሁ፤ ያውም ገንዘብ ጨምሬ።

ያገለገሉ ቦርድ ጌሞችን የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ነው ሐሳቡን ያመጣው። አሮጌውን ልስጠው፣ እሱ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን የተሻሻለ ዕትም ይሰጠኛል፣ ልዩነቱን እከፍላለሁ። "ጨዋታው ያው ነው። ያንተ ላይ ያለው ሁሉ አለው፤ እንዲያውም ተሻሽሏል" አለኝ። የእኔ ሳጥን ጠርዙ ተላልጧል። የሱ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረና ተለዋወጥን።

የዚያኑ ዕለት ማታ እንደ ልማዳችን አምስት ሆነን ጠረጴዛውን ከበብን። የእንጨት መጫወቻዎቹን ከረጢት ቀድጄ ለየተጫዋቹ በየቀለማቸው ደረደርኳቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛውን ቀለም ከሳጥኑ ሥር ፈለግሁ። ካርቶኖቹን አንስቼ አየሁ። የለም። ሳጥኑን አገላብጬ ሳነበው ከ1 እስከ 4 ተጫዋች ይላል። አሮጌው እስከ 5 ያጫውት ነበር። ታናሽ እህቴ "ግድ የለም፣ እናንተ ተጫወቱ" ብላ ቁጭ ብላ ስታየን አመሸች። ከሁላችንም ይልቅ አግሪኮላን የምትወደው እሷ ናት።

መፍትሔ አለ ይሏችኋል። ለ5 እና ለ6 ተጫዋች የሚሆን ማስፋፊያ ለብቻው ይሸጣል። እውነት ነው፣ ይሸጣል። እኔ ግን አምስተኛው ቦታ በእጄ ነበረ። የሰጠሁትን መልሼ ልገዛ ነው ማለት ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አግሪኮላ የጀርመናዊው ኡቬ ሮዘንበርግ ሥራ ነው። ዘመኑ 17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰዎቹ ገበሬዎች ናቸው። ባልና ሚስት ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ይዘው ይነሳሉ። ያርሳሉ፣ ያጥራሉ፣ ከብት ያረባሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ። ጨዋታው 14 ዙር ሲሆን 6 ጊዜ አዝመራ ይሰበሰባል። በየአዝመራው ለአንድ አዋቂ 2 ምግብ ማቅረብ ግድ ነው። ለጎደለው ለእያንዳንዱ ምግብ የልመና ካርድ ይሰጣችኋል፤ አንዱ ካርድ 3 ነጥብ ይቀንሳል። ይህ ጭንቀት በሁለቱም ዕትሞች አለ። ሻጩ እዚህ ላይ አልዋሸኝም።

የጨዋታው ነፍስ ግን ካርዱ ነው። ሲጀመር ለእያንዳንዱ ሰው 7 የሙያ ካርድና 7 የአነስተኛ ማሻሻያ ካርድ ይታደላል። እንጨት ቆራጭ የደረሰው ሰው እንጨት በወሰደ ቁጥር አንድ ይጨመርለታል። ሌላው ሌላ ሙያ ይደርሰዋል። ሁሉም እጁን አይቶ ነው ኑሮውን የሚያቅደው። አንዱ ጨዋታ ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። አሮጌው ሳጥን 169 የሙያ ካርድና 139 አነስተኛ ማሻሻያ ነበረው። አዲሱ ከሁለቱም 48፣ 48 ብቻ ነው የያዘው። አራት ሰው ሲጫወት 28 የሙያ ካርድ ይታደላል። በአዲሱ ሳጥን ከግማሽ በላዩ በአንድ ማታ ታየ ማለት ነው። በማግስቱ ስትጫወቱ ቢያንስ 8 ካርድ መደገሙ የማይቀር ነው። በአሮጌው ግን ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን የሙያ ካርድ ክምሮች ሁሉ አቀላቅላችሁ ብትጫወቱ፣ 28 በ28 እያነሳችሁ ስድስት ጨዋታ ሙሉ አንድም ሙያ ሳይደገም መጫወት ትችላላችሁ። 168 ካርድ ያልቃል፣ አንድ ይተርፋል። እኔ ይህን ሒሳብ የሠራሁት ከለወጥኩ በኋላ ነው። ተጨማሪ ካርድ ካሻችሁ አርቲፌክስ፣ ቡቡልከስ እየተባሉ የሚወጡ ክምሮች አሉ። እነሱም በየራሳቸው የሚገዙ ናቸው።

አዲሱን ላጥላላ አይደለም። የእኔ በግ ነጭ ኩብ ነበር፣ ከርከሮው ጥቁር ኩብ፣ ከብቱ ቡናማ ኩብ። አዲሱ ላይ በጉ በግ ይመስላል። ካርዶቹም ለማንበብ ይቀላሉ። አግሪኮላን ጨርሶ የሌለው፣ ከአራት የማይበልጥ ቤተሰብ ቢገዛው ደስ ይለዋል። እኔ የምለው አሮጌውን ለያዘ ሰው ነው። ያንተ ሙሉ ነው፣ አትስጠው።

ስሙም ያሳስታል፤ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ትንሹ አግሪኮላ በእንስሳት ርባታ ላይ ብቻ ያተኮረና ለሁለት ሰው ብቻ የሚሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የቤተሰብ ዕትም የሚባልም አለ፤ እሱ የሙያ ካርድ የሚባል ነገር የለውም። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ግን አንዳንዴ "አግሪኮላ፣ ንጹሕ" ብሎ ብቻ ይጽፋል። ስለዚህ የሳጥኑን ጀርባ ፎቶ አስልኩ። የወጣበትን ዓመት፣ የተጫዋቹን ቁጥር፣ የካርዱን ብዛት በጽሑፍ ጠይቁ። "ያው ነው" የሚለውን መልስ አትቀበሉ። እኔ የተቀበልኩት እሱን ነው።

ሻጩ ጋ ደውዬ ነበር። ገንዘቡ ይቅርብኝ፣ ሳጥኔን ብቻ መልስልኝ አልኩት። "ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ ነበረብህ። ያንተን ደግሞ ሸጬዋለሁ" አለኝ። የነጥብ መመዝገቢያ ደብተራችን ሳይቀር ውስጡ ነበር።

እህቴ ሁልጊዜ ተመልካች መሆኗ አላስቻለንም። አሁን አምስታችን ስንገናኝ በየተራ አንድ ሰው ከጨዋታው ይወጣል። ይህን የምጽፈው እነሱ ሦስተኛውን አዝመራ እየሰበሰቡ ነው። የዛሬው ተራ የእኔ ነው።