የአጂሊቲ ዘንጎች፦ በክሊከር ለሚያስተምር ሰው የቱ ይሻላል?

አጂሊቲ ውሻ መሰናክሎችን እያለፈ የሚሮጥበት ውድድር ነው፤ የውድድሩ ዘንግ ብዙ አያማርጥም። በዓለም አቀፉ የውሾች ፌዴሬሽን፣ በኤፍ ሲ አይ ደንብ መሠረት 12 ዘንጎች በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት በአንድ መሥመር ይቆማሉ። ውሻው የመጀመሪያውን ዘንግ በግራ ትከሻው በኩል አድርጎ ይገባና አንድም ክፍተት ሳያልፈው እየተጠማዘዘ ይወጣል። ገዢን ግራ የሚያጋባው የልምምድ ዕቃው ነው። ሻጮች ስለ ብረቱ ውፍረትና ስለ ቀለሙ ብዙ ያወራሉ፤ ክሊከር፣ ማለትም ሲጫኑት ቀጭ የሚል ትንሽ የእጅ መሣሪያ፣ ለያዘ ሰው ግን የሚቀድመው ጥያቄ ዕቃው ለውሻው የሚወስነው ነገር ይተውለታል ወይ የሚለው ነው። ክሊከር ውሻው በትክክል የወሰነባትን ቅጽበት ነጥሎ ይነግረዋል። ዕቃው ሁሉን ወስኖ ከጨረሰለት የሚነገረው ነገር የለም።

በዚህ መለኪያ የእኔ ምርጫ ሁለት ሁለት ዘንግ የሚይዙ አጫጭር መቀመጫዎች ናቸው። ሁለቱን ዘንጎች ብቻ እንደ በር ያቆማሉ፤ ምንም ትእዛዝ ሳይሰጡ ይጠብቃሉ። ውሻው ዞር ዞር ብሎ በመካከላቸው ሲያልፍ፣ ትከሻው ከዘንጉ እኩል በደረሰበት ቅጽበት ቀጭ ያደርጋሉ። ጉርሻውን በእጅ አያቀብሉት፤ ከበሩ ማዶ፣ በሚሮጥበት አቅጣጫ ይወርውሩለት። ከእጅ የለመደ ውሻ በየዘንጉ መካከል ቀና ብሎ ባለቤቱን ማየት ይጀምራል፤ ይህን ልማድ ማስተው ደግሞ ዘንጉን ከማስተማር ይብሳል። ከዚያ በሩን ጥቂት በጥቂት ያዞሩታል፣ ሁለተኛውን ጥንድ ይጨምራሉ፣ በመጨረሻም መሥመሩን ያቀኑታል። ለመጀመር ሁለት መቀመጫ ይበቃል፤ ለሙሉው መሥመር ስድስት ያስፈልጋል። ከመግዛትዎ በፊት ግን መቀመጫዎቹን አጋጥመው በዘንጎቹ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ፤ እሱም 60 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት።

ሁለተኛው ዓይነት ዘንጎቹ በሁለት ረድፍ ተለያይተው የሚቆሙበት፣ በሂደትም የሚቀራረቡበት ረጅም የብረት መቀመጫ ነው። ውሻው መጀመሪያ በመካከሉ ቀጥ ብሎ ይሮጣልና ፍጥነቱ ያማረ ይሆናል። በተፈጥሮው ለሚፈራና ለሚያመነታ ውሻ ይህንን ከመጀመሪያው አስቀድመዋለሁ። ጉድለቱ አገባቡን ራሱ መሣሪያው ስለሚመራው ከጎን በጠማማ አንግል መግባትን ለብቻ ማስተማር ግድ ማለቱ ነው። ከባድም ነው፤ ቋሚ ቦታ ለሌለው ሰው አይመከርም።

ዘንጎቹ ወደ ግራና ቀኝ የሚያዘነብሉበት ዓይነትም አለ። አንዳንድ ውሾች ከመጠማዘዝ ይልቅ መዝለልን ይማሩበታልና እኔ አልገዛውም። በዘንጎቹ ላይ የሚታሰር መምሪያ ሽቦ ደግሞ ውሻውን እንደ ባቡር በሐዲድ ይወስደዋል። ለአንድ አስቸጋሪ ክፍተት ጊዜያዊ እርዳታ ይሆናል፤ ዋና መሣሪያ ሊሆን ግን አይገባም።

ገንዘብ ካጠረ መሬት ላይ የሚተከሉ ባለ ሹል ጫፍ ዘንጎች አይናቁ። እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚቆም በሁለቱም መንገድ ማስተማር ይቻላል። በደረቅ መሬትና በቤት ወለል ላይ ግን አይተከሉም፤ ውሻው ሲገጫቸውም ይላላሉ። በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ያለው ገመድ ቢያዘጋጁ ሁልጊዜ ከመለካት ይድናሉ። ውፍረታቸው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመታቸው ከ1 እስከ 1.20 ሜትር ከሆነ ከውድድሩ ጋር ይስማማል።

ክሊከሩን በተመለከተ፣ የብረት ምላስ ያለው ሳጥን መሰሉ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ለሜዳ ይመረጣል። ባለ ቁልፉ ለስለስ ያለ ነው፤ ድምፅ ለሚያስደነግጠው ውሻ ይሻላል። የትኛውንም ቢመርጡ የእጅ ማንጠልጠያ ይኑረው፤ ጉርሻ መወርወርና ክሊከር መጫን በአንድ እጅ አይሆንም።

ውሻዎ ገና ቡችላ ከሆነ ስድስቱንም መቀመጫ ለመግዛት አይቸኩሉ። አጥንቱ አድጎ ሳይጨርስ ደጋግሞ መጠማዘዝ መገጣጠሚያውን ይጎዳል፤ ኤፍ ሲ አይም ከ18 ወር በታች ያለን ውሻ ለውድድር አይቀበልም። እስከዚያ አንድ ጥንድ ዘንግ፣ በመካከሉ ቀጥ ብሎ ማለፍን ለማስተማር ብቻ፣ ይበቃዋል።