የቪትዝ ዋጋ የሚጠይቀን ሰው ቀረ፦ ለአንዲት ባለሙያ ምስጋና

ሰላም የኮምቦልቻና የደሴ ሰዎች። ሱቃችሁን ወይም ድርጅታችሁን ጎግል ካርታ ላይ ላወጣችሁ፣ ወይም ለማውጣት ላሰባችሁ፣ የጎግል ገጽ የምታስተካክል፣ የምጠቁማችሁ ባለሙያ አለችኝ።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ጋራዥ አለኝ። ፍሬን፣ ራዲያተር፣ የመኪና ኤሌክትሪክ እንሠራለን። አልፎ አልፎ ሞተርም እናወርዳለን። ሐረጎን የሚያውቅ ሰው ፍሬንና ራዲያተር ለምን እንደሚበዛብን አይጠይቀኝም። ወደ ደሴ ሲወጣ መኪናው ይግላል፣ ሲወርድ ፍሬኑ ይሸታል። እንጀራችን ከዚያ ዳገት ነው።

ጎግል ላይ ከወጣን ቆይተናል። ስልክም ይደወልልናል። ግን ማን ነው የሚደውለው? አንዱ «ቪትዝ ስንት ገባ?» ይላል። ሌላው የአይሱዙ የፊት መብራት ይፈልጋል። አንድ ጠዋት ደግሞ «ቁርስ ጀምራችኋል?» የሚል ተደውሏል፣ ወላሂ። መኪናው መንገድ ላይ የቆመበት ሰው ግን እኛን አያገኘንም።

ገጹን መጀመሪያ የከፈተልን ሰው ምድብ በሚለው ቦታ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሞልቶት ነበር። ዋናውን «የመለዋወጫ መደብር» አለው። ከሥሩ መኪና ሻጭ፣ መኪና እጥበት፣ የጎማ ሱቅ፣ ካፌ ሳይቀር ደረደረ። ጎግል የሚፈቅደው አንድ ዋና ምድብና እስከ 9 ተጨማሪ ነው። ሰውየው አንድም አላስተረፈም። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ።

ይህችን ልጅ የጠቆመኝ አንድ ደንበኛዬ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው የምትሠራው። ስሟ እንዲጻፍ ስላልፈለገች አልጽፈውም። መጥታ ስልኬን ትቀበለኛለች ብዬ ስጠብቅ «ጋሼ፣ መጀመሪያ የሥራ ደብተርዎን ያሳዩኝ» አለችኝ። አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ ደብተሩን ገጽ በገጽ አየችው። ብዙ ብር የሚያስገባው የትኛው ሥራ ነው? ቶሎ ቶሎ የሚመጣው የትኛው ነው? የምትመልሱት ሥራስ አለ? ልጆቹ ከገቢዎች የመጣች መስሏቸው አንድ ሁለቱ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ያስረዳችኝ። ምድብ የሚመልሰው ድርጅቱ ምን እንደሆነ ነው፤ ውስጡ ምን ምን እንዳለ አይደለም። መደርደሪያችን ላይ ዘይትና የፍሬን ሸራ ስላለ መለዋወጫ መደብር አንባልም። በር ላይ ቡና የምታፈላዋ እህታችን ካፌ አታደርገንም። ግቢው ውስጥ ያለው እጥበት ደግሞ የሌላ ሰው ነው። ከፈለገ በራሱ ስም የራሱን ገጽ ይክፈት አለች። ምድብ ከጎግል ዝርዝር ይመረጣል እንጂ ከራስ አይጻፍም። ስለዚህ ለሥራችሁ በጣም የሚቀርበውን መፈለግ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ዋናው ምድብ ነው። ጎግል እናንተን ከማን ጋር እንደሚያሰልፋችሁ ከሁሉ በፊት የሚያየው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ተከራከርን። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና መንገድ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው፣ ፋብሪካ የሚያራግፈው። ስለዚህ ዋናው ምድብ «የጭነት መኪና ጥገና» ይሁን አልኩ። «ሲኖትራክ ትሠራላችሁ?» አለችኝ። አንሠራም። አይሱዙ እንቀበላለን፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ቦታውም ክሪኩም የለንም። «እንግዲያው ሲኖትራክ ይዞ መጥቶ የሚመለስ ሾፌር ኮከቡን አንድ ሰጥቶዎት ነው የሚሄደው» አለች። ዋናው «የመኪና ጥገና» ሆነ። ተጨማሪ ብላ ፍሬን፣ ራዲያተርና የመኪና ኤሌክትሪክ ብቻ አስገባች። ሌላውን ሁሉ ሰረዘችው። እኔ አይሱዙን ተጨማሪ ላይ እንኳ ብታስገባልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁንም ልቤ እዚያ ነው። ግን ሥራው የእሷ ነው።

የወደድኩላት ሌላው ነገር የማይሆነውን አይሆንም ማለቷ ነው። ደሴ ሆኖ ለሚፈልግ ሰውም እንድንታይ ፈልጌ ነበር። ጎግል የፍለጋው ተዛማጅነት፣ ርቀትና ታዋቂነት የሚባሉ ሦስት ነገሮችን ነው የሚያየው አለችኝ። ምድብ የሚያግዘው ለመጀመሪያው ነው። ደሴ ሙጋድ ላይ የቆመ ሰው ቅርቡ ያለውን ጋራዥ ቢያይ እኛ ምን እናደርጋለን? ገጹ በነጻ ነው፣ ለጎግል ከፍሎ በካርታው ውጤት ላይ ደረጃን ከፍ ማድረግም አይቻልም። ስለዚህ «አንደኛ አወጣሃለሁ፣ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው ከመጣባችሁ ሸኙት። ስማችን ላይ «ምርጥ ጋራዥ» የሚል እንጨምር ያለውን ሠራተኛዬንም እሷው መለሰችው። ታፔላው ላይ ያለው ስም ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ካልሆነ ገጹ ሊታገድ ይችላል።

በዚህ መሀል ገጹ በእኔ ኢሜይል እንዳልሆነ ታወቀ። የቀድሞው ሰው በራሱ ኢሜይል ነው የከፈተው። በጎግል በኩል የባለቤትነት ጥያቄ ላከችለት፤ ጥቂት ቀን ጠብቀን ተረከብን። ከዚያም ድርጅቱ የእኛ መሆኑን እንድናረጋግጥ ተጠየቅን። ታፔላውን፣ መንገዱን፣ በሩን ስከፍትና ዕቃዎቹን በአንድ ቪዲዮ ቀረጸችኝ። ስትጨርስ የገጹ ባለቤት እኔ፣ እሷ የገጹ ሥራ አስኪያጅ ብቻ ሆና ቀረች። ባሻኝ ጊዜ ላስወጣት እንደምችልም አሳየችኝ። እናንተም ዛሬውኑ ገጻችሁ በማን ኢሜይል እንደሆነ እዩ።

ለውጡ በአንድ ሌሊት አልመጣም። ቀስ እያለ ግን የስልኩ ወሬ ተቀየረ። አሁን «መኪናዬ ውሃ እያፈላ ነው፣ የት ናችሁ?» የሚል ነው የሚደውለው። ሐረጎ ሥር የቆሙ፣ ከተማውን የማያውቁ የአዲስ አበባ ሰዎች ሳይቀሩ በካርታ መጥተውልናል። የመለዋወጫ ጠያቂ ፈጽሞ ጠፋ አልልም፣ ግን ቀንሷል።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። አላህ ይስጥሽ።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ሆቴል፣ ክሊኒክ፣ ልብስ ስፌትም ሠርታለች። ዋጋውን ከራሷ ጋር ተነጋገሩ። ከደሴ ውጭ ያላችሁ ትራንስፖርቷን ቻሉላት።