ከግራ ወደ ቀኝ መሪ የተቀየረ ካማሮ፦ ከአንድ ዓመት በላይ ነድቼው

ሜልበርን ያላችሁ ጓደኞቼ «ያ ካማሮ እንዴት ነው?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ በአንድ ቦታ ልጻፈው። ሞተሩ እስካሁን ምንም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ነገር ሁሉ፣ ትንሹም ትልቁም፣ መሪው ከግራ ወደ ቀኝ ሲዛወር ከተነካካው ክፍል የመጣ ነው። ስለዚህ ስለ ፈረስ ጉልበት ብዙ አላወራም።

መኪናው የ2012 ሼቭሮሌት ካማሮ ኤስኤስ ነው፤ የአሜሪካ ስፖርት መኪና። 6.2 ሊትር ቪ8፣ 426 የፈረስ ጉልበት፣ ማኑዋል ማርሽ። የተሠራው ካናዳ፣ ኦሻዋ ነው። ይህ ትውልድ ከፋብሪካ በቀኝ መሪ ወጥቶ አያውቅም። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ ደግሞ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ 30 ዓመት ያልሞላው የግራ መሪ መኪና ታርጋ አያገኝም። እኔ የገዛሁት ተቀይሮ ያለቀውን ነው። ለቅየራው ብቻ የወጣው ገንዘብ ጥሩ ያገለገለ ኮሮላ ይገዛል።

ለምን ካማሮ? ምክንያት አለኝ። መኪናው የቆመበት ዜታ የሚባለው ሻንሲ የተነደፈው እዚሁ አውስትራሊያ፣ ሆልደን በሚባለው የመኪና ኩባንያ ነው። ከሆልደኑ መኪና ከቪኢ ኮሞዶር ጋር ወንድማማቾች ናቸው። ኮሞዶር ደግሞ ቪ8 ጭኖ በቀኝ መሪ የተሸጠ መኪና ነው። ስለዚህ የመሪው ዘንግ በቀኝ በኩል ሞተሩንና የጭስ ማውጫውን አልፎ የሚወርድበት ቦታ ገና ከንድፉ ታስቦበታል። የእኔ መኪና የመሪ ጥርስና የፔዳሎቹ መያዣ ከኮሞዶር የመጡ ናቸው። ሆልደን በ2017 ማምረት ቢያቆምም ኮሞዶር በየመንገዱ ስለሞላ ዕቃው አይጠፋም።

ውጤቱ መሪው ላይ ይታወቃል። ቀጥ ያለ ነው፤ መሐል ላይ አይላወስም። ፍሬኑም እንደዚያው ነው፤ የእግርን ግፊት የሚያግዘው ሰርቮ ራሱ ወደ ቀኝ ተዛውሯል። ይህን የምለው በርካሽ የተሠሩም ስላሉ ነው። አንዳንዱ የፍሬኑን ሰርቮ ግራ በኩል ትቶ ከቀኝ ፔዳል በረጅም ብረት ያገናኘዋል። አንዳንዱ መሪውን ከዳሽቦርዱ ጀርባ በሰንሰለት ያዞራል። እንዲህ ያለውን በነፃም አልወስድም። አዲስ አበባ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ቪትዝ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። እዚያ ገዢው «መሪው የተነካ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ወዶ አይደለም።

አሁን ወደ ጣጣው። ዳሽቦርዱ ከፋይበርግላስ አዲስ የተሠራ ነው። ሲገዛ ከፋብሪካ የመጣ ይመስል ነበር። የሜልበርን በጋ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ግን መስታወቱ ሥር ያለው የቆዳ ልባስ ጥግ ጥጉን መነሳት ጀመረ። ጠዋት ብርድ ላይ ደግሞ ይንጫጫል። ኤሲው ይባስ። የአየር ሳጥኑ ተቆርጦ እንደገና የተገጣጠመ ነው፤ ከመገጣጠሚያው አየር ያፈተልካል። ቀዝቃዛው ነፋስ ከፊቴ ይልቅ ከዳሽቦርዱ ኋላ ይቀራል። ሠሪዎቹ ዘንድ መልሼ ወሰድኩት፤ በስፖንጅ ደፈኑት፤ ትንሽ ተሻለው፤ በቃ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የዝናብ መጥረጊያው ነው። አሠራሩ ለግራ መሪ እንደታሰበ ቀርቷል። ስለዚህ በስተቀኝ ምሰሶው አጠገብ፣ ልክ ዓይኔ በሚያርፍበት ላይ፣ የማይጠረግ ቦታ አለ። ካማሮ ድሮም መስኮቱ ጠባብ፣ ምሰሶው ወፍራም ነው። በዝናብ አደባባይ ስገባ አንገቴን እንደ ሰጎን እያወጣሁ ነው።

ስፖኪዮውም የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ ውስጥ የሾፌሩ መስታወት ጠፍጣፋ ነው፤ የተሳፋሪው ጎበጥ ያለ ሆኖ «የሚታየው ነገር ከሚመስለው የቀረበ ነው» የሚል ጽሑፍ አለው። መሪው ወደ ቀኝ ሲዛወር ያ ጽሑፍ ከነመስታወቱ የእኔ ሆነ። ብርጭቆውን አስቀየርኩ። የፊት መብራቱንና የኋላ ፍሬቻውን ግን አስቀድመው በደንብ ሠርተውታል። የአሜሪካው መብራት ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል እዚህ ከፊት የሚመጣውን ሰው ያሳውራል፤ ቀይ የነበረው ፍሬቻም ብርቱካናማ መሆን አለበት። ሬዲዮው ኤኤም ላይ በ10 እየዘለለ ስለሚሄድ 774 የሚባለውን የሜልበርን ጣቢያ አያገኝም። ይህ የኔ ብስጭት ብቻ ነው፣ እለፉት።

ልጅ የምትጭኑ ከሆነ አንድ ነገር አስተውሉ። የአሜሪካ መኪና የተሳፋሪ ወንበር ሥር ክብደት የሚለካ ሴንሰር አለ፤ ቀላል ሰው ሲቀመጥ የዚያን ወገን ኤርባግ ያጠፋል። ወንበር ሲለዋወጥ ሴንሰሩ ወደ ግራ አብሮ መሄድ አለበት። የእኔ ተዛውሯል፤ የኤርባጉ ማጥፊያ ምልክት ሲበራና ሲጠፋ አይቻለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት እናንተም እዩ።

ኢንሹራንስ ያለ ቫስ አታስቡት። ቫስ የሚባለው ፈቃድ ያለው መሐንዲስ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። አንዱ ኩባንያ «የተቀየረ መኪና አንነካም» ብሎኛል፤ ሌላው ወረቀቱን አይቶ ተቀበለኝ፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም።

ጣጣ የማይወድ ሰው ከ2015 ሞዴል ወዲህ ያለ ማስታንግ ይግዛ፤ ከፋብሪካው በቀኝ መሪ ይመጣል። ኪሱ ለሚችል ኮርቬትም ሲ8 ከሚባለው ትውልድ ጀምሮ እንደዚያው ነው። እኔ ይህን የካማሮ ቅርጽ ስለምወድ አልሸጠውም፤ የዝናብ መጥረጊያውን ግን ክረምቱ ሳይገባ አሠራዋለሁ። እናንተ ልትገዙ ከሄዳችሁ መኪናውን ከመሬት ከፍ አስደርጉትና ከሥር የመሪ ጥርሱን እዩ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ሰርቮው የት እንዳለ ተመልከቱ። ሲሠራ የተነሣ ፎቶም ጠይቁ። ሻጩ «ጠፍቶብኛል» ካላችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ።