ለውድላውን ፓርክ አስጎብኚ ምስጋና፣ አረጋውያን ወላጆች ላሏችሁም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሜሪላንድ ግዛት በሞንትጎመሪ ካውንቲና በአካባቢው ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም አባታችሁን ወይም እናታችሁን ከአገር ቤት አስመጥታችሁ «ዛሬስ ወዴት ልውሰዳቸው?» እያላችሁ ለምትጨነቁ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው ሳንዲ ስፕሪንግ፣ ውድላውን ማነር በሚባለው የካውንቲው የባህል ፓርክ የምትሠራ አንዲት አስጎብኚ ለአባቴ ያደረገችላቸውን ሳልናገር ብቀር ውለታ ቢስ መሆን ነው። ፈቃዷን ስላልጠየቅሁ ስሟን አልጽፍም፤ ሄዳችሁ ስታገኟት ግን በሥራዋ ታውቋታላችሁ።

አባቴ ጎጃም ውስጥ ለረጅም ዘመን ታሪክ ያስተማሩ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ መምህር ናቸው። እኛ ዘንድ የመጡት በፋሲካ ሰሞን ነበር። እኔና ባለቤቴ ወደ ሥራ፣ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ፤ አንድም ቀን ግን አማርረው አያውቁም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የዚህን አገር ታሪክ ከመጽሐፍ ላይ ሳስተምር ኖሬአለሁና፣ ነገሩ የሆነበትን መሬት በእግሬ ልርገጠው» አሉኝ።

ወደ ውድላውን ከመሄዳችን በፊት የደረሰብንን በአጭሩ ማለፍ አልችልም፤ አሁንም ሲታወሰኝ ያንገበግበኛል። መጀመሪያ የወሰድኳቸው ብዙ ገንዘብ ከፍለን በአውቶቡስ እየተዞረ ወደሚጎበኝ አንድ ቦታ ነበር። አስጎብኚው የሸመደደውን በድምፅ ማጉያ ያለ እረፍት ያወርደዋል፤ እኔ ደግሞ በሹክሹክታ ለአባቴ እተረጉማለሁ። ጥቂት እንደሄድን ንግግሩን አቋርጦ በሰው ሁሉ ፊት «ሌሎችን እየረበሻችሁ ነውና ወይ ዝም በሉ፣ ወይ ወደ ኋላ ሂዱ» አለን። ወደ ኋላ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ የሰማነው የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው። አባቴ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም አርባ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ፊት ቆመው የኖሩ ሰው ናቸውና ፊት ማንበብ ያውቃሉ። ስንወርድ ምንም አላሉም።

ቀጥሎ ደግሞ ልጆቹ የዱባውን ወቅት ሲጠብቁ ስለነበር ወደ አንድ የግል እርሻ ሄድን። እዚያም ለአያትም ለልጅም እኩል ተከፍሎ ከተገባ በኋላ፣ የድርቆሽ ጋሪው ላይ ለመውጣት ሌላ ክፍያ፣ ከበቆሎው ማሳ ለመግባት ሌላ ክፍያ ተጠየቅን። አባቴ ደክሟቸው ጥላ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ቢሉ፣ አንድ ጎረምሳ ሠራተኛ መጥቶ ወንበሩ ምግብ ለገዙ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። ያን ዕለት ማታ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ልጆቹን ይዛችሁ እናንተው ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ሲሉኝ አንጀቴ ተላወሰ። አገራቸው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚቀበላቸውን ሽማግሌ እዚህ አምጥቼ ከወንበር አስነሣኋቸው ብዬ አዘንኩ።

ስለ ውድላውን የነገረችኝ የቤተ ክርስቲያን ጎረቤቴ ናት። «የካውንቲው ነው፣ ሞክሪው» ስትለኝ እውነቱን ለመናገር ተስፋ አላደረግሁም ነበር። በፓርኩ ውስጥ ከባርነት ያመልጡ የነበሩ ሰዎችን ጉዞ ለማሰብ የተዘጋጀ፣ በጫካና በማሳ ዳር አልፎ ሳንዲ ስፕሪንግ የተባለው ምንጭ ድረስ የሚዘልቅ፣ ወደ አንድ ወገን ሁለት ማይል ያህል የሚሆን የእግር መንገድ አለ። ብርዱ ከወጣ ጀምሮ ቅጠል እስኪረግፍ ድረስ በአስጎብኚ የሚመራ ጉዞ ይዘጋጃል፤ እኛም ተመዝግበን ሄድን።

አስጎብኚዋ ከመኪና ስንወርድ የአባቴን ከዘራ አየችና ሌላውን ሰው ትታ በቀጥታ ወደ እርሳቸው መጣች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። እኔን «ቋንቋ ይችላሉ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝና እንደምተረጉምላቸው ስነግራት፣ እዚያ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ «የዛሬው ጉዟችን በሁለት ቋንቋ ስለሆነ ረጋ ብለን ነው የምንሄደው» ብላ አስታወቀች። ይቅርታ እንደሚጠየቅበት ጉዳይ ሳይሆን ለሁሉም እንደተጨመረ ጸጋ አድርጋ ነው የተናገረችው። አንድም ሰው ቅር አላለውም። ከዚያም እኛን ከጎኗ አድርጋ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ስትናገር ትቆማለች፤ እስክተረጉም ትጠብቃለች፤ ስትናገርም የምታየው እኔን ሳይሆን እርሳቸውን ነው። ይህን የምታደርግ አስጎብኚ አይቼ አላውቅም። አባቴ የሚሰማቸው ሲያገኙ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ያን ዕለት ከዘራውን የረሱት እስኪመስለኝ ድረስ ቀጥ ብለው ነበር።

ከመንገዱ ላይ ውስጡ የተቦረቦረ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ሰው ሊሸሸግበት ይችላል። ልጆቹ በተራ እየገቡ ሲወጡ አባቴ «በእውነት እዚህ ዛፍ ውስጥ ሰው መሸሸጉ በምን ይታወቃል?» ብለው ጠየቁ። ስተረጉመው ትንሽ ፈራሁ፣ የምትቀየም መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ፊቷ በራ። በዚህ ዛፍ ውስጥ ሰው ስለመሸሸጉ ማስረጃ እንደሌለ፣ መንገዱም የተሰናዳው የአምላጮቹ ጉዞ ምን ይመስል እንደነበረ ሰው እንዲገምት እንጂ እያንዳንዱ እርምጃ ተረጋግጦ እንዳልሆነ በግልጽ ተናገረች። ቀጥላም በእርግጥ የሚታወቀውን ዘረዘረችልን፤ ሳንዲ ስፕሪንግ ባርነትን የሚቃወሙ፣ ኩዌከር የተባለው የክርስትና ወገን ምእመናን ይኖሩበት የነበረ መንደር መሆኑን፣ በአካባቢውም ከርስ በርስ ጦርነቱ አስቀድሞ ነፃ የወጡ ጥቁሮች ይኖሩ እንደነበር፣ በ1850 የወጣው የአምላጮች ሕግ ደግሞ የረዳቸውን ሰው እስከ 1,000 ዶላር ያስቀጣና እስከ ስድስት ወር ያሳስር ስለነበር ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር በወረቀት ላይ ማስፈር ይፈሩ እንደነበር አስረዳች። (ስለ አሜሪካ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አባቴ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ይህች መምህር ናት» አሉኝ። ከእርሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም፤ ለእኔ እንኳ ብለውልኝ አያውቁም።

ጥያቄያቸው ከዚያ በኋላ አላባራም። ሰማዩ ደመና ሲሆንና የሰሜኑ ኮከብ ሲጠፋ በምን ይመሩ ነበር? ውሻ ሲከተላቸውስ? ወንዝ ይዘው እንደሚሄዱ፣ ሽታቸው እንዲጠፋም በውኃ ውስጥ እንደሚራመዱ፣ ፈረሰኛ የማይደፍረውን እሾሃም ቁጥቋጦ መሸሸጊያ እንደሚያደርጉ በትዕግሥት መለሰችላቸው። የአብርሃም ሊንከን የ1863 የባሮች ነፃነት አዋጅ ሜሪላንድን እንዳልነካ፣ ምክንያቱም አዋጁ የሚመለከተው ያመፁትን ግዛቶች ብቻ ስለነበረ እንደሆነ፣ የሜሪላንድ ባሮች ነፃ የወጡት በግዛቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ኖቬምበር 1 ቀን 1864 መሆኑን ስትነግራቸው፣ እኔ እዚህ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ የማላውቀውን አባቴ «እርሱንስ አስተምሬዋለሁ» ብለው አሳፈሩኝ።

ከመንገዱ አጋማሽ ሳይደረስ የአባቴ ጉልበት እምቢ አለ። አስጎብኚዋ ሳይነገራት አውቃ፣ አንድ በጎ ፈቃደኛ አስከትላ እኔንና እርሳቸውን በ1832 ወደተሠራው የድንጋይ ጎተራ መለሰችን፤ ባለቤቴና ልጆቹ ከቀረው ሰው ጋር ወደ ምንጩ ቀጠሉ። ጎተራው ዛሬ የሙዚየም ትርኢት የሚታይበት ቦታ ነው። አባቴ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር በኋላ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዋናው ምስጋናዬ የሚመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ጉዞው አልቆ ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ሲበተን፣ አስጎብኚዋም የቀን ሥራዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትችል፣ ወደ ጎተራው ተመልሳ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጠችና ያላዩትን የመንገዱን ክፍል ከመጀመሪያው እስከ ምንጩ ተረከችላቸው። ስትጨርስ «እናንተ አገርስ ባርነት እንዴት ቀረ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አባቴ አልሸፋፈኑም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ እንዴት ሲያከራክር እንደነበር፣ ፈጽሞ የከለከለው አዋጅም ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. እንደወጣ አስረዷት። ከዚያም እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ተናገሩ። እርሳቸው ልጅ ሳሉ፣ ከአያታቸው ግቢ ዳር በምትገኝ ትንሽ ጎጆ አንዲት አሮጊት ትኖር ነበር፤ አዋጁ ከወጣ በኋላ መሄጃ ስለሌላት እዚያው የቀረች ሴት ናት። ቆሎ እየቆላች ለልጆቹ ታድላለች፤ በዓል ሲሆን ግን ከማዕድ አትቀርብም ነበር። አባቴ ይህን ለተማሪዎቻቸውም ለእኛም ለልጆቻቸው ነግረውን አያውቁም። አስጎብኚዋ የአሮጊቷን ስም ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። ሌላ ጎብኚ ሲጠይቃት ታሪኩን ብትናገር ይፈቅዱላት እንደሆነም ጠየቀቻቸው፣ ፈቀዱላት። እኔ እየተረጎምኩ ድምፄ ይቆራረጥ ስለነበር ቃል በቃል አደረስኩት ማለት አልችልም፤ እርሷ ግን በትዕግሥት አደመጠች።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ቤት እጠብቃለሁ ማለት ትተዋል። በእርሷው ምክር ኖርዝ ቤተስዳ ውስጥ በ2021 ወደተከፈተው የጆሳያ ሄንሰን ሙዚየምም ወሰድኳቸው። ሄንሰን በ1789 በባርነት የተወለደ፣ ሙዚየሙ ባለበት እርሻ ላይ ብዙ ዘመን የሠራ ሰው ነው። ነፃነቱን በ450 ዶላር ለመግዛት ተስማምቶ 350ውን በጥሬ ገንዘብ ከከፈለ በኋላ፣ ጌታው ዋጋው 1,000 ዶላር ነው ብሎ ካደው። በ1830 ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ፣ ሁለቱን ትንንሾች በከረጢት አዝሎ፣ ካናዳ ገባ፤ በ1849 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። አባቴ ከሁሉ ይልቅ በዚያ ክህደት ተናደው፣ መኪና ውስጥ ሳይቀር ስለ እርሱ ሲያወሩ ነበር። ከጌታው ቤት ጋር ተያይዞ የቆመው የግንድ ማዕድ ቤት በአንድ ወቅት የሄንሰን ማደሪያ ነበር ይባል እንደነበርና ግንዶቹ ሲመረመሩ ግን እርሱ ከሄደ በኋላ በ1850 አካባቢ የተቆረጡ ሆነው እንደተገኙ እዚያም አልሸሸጉንም። ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ቢያስረዱንም እኔ አልገባኝም፤ ደስ ያለኝ የሚያውቁትንና የማያውቁትን ለይተው መናገራቸው ነው።

ልጆች ላሏችሁ ደግሞ ደርውድ የሚገኘው የካውንቲው የእርሻ ታሪክ ፓርክ በመኸር ወቅት በዓል ያዘጋጃል፤ ብርዱ ሲገባም ዊተን ውስጥ በብሩክሳይድ የአትክልት ሥፍራ የመብራት ትርኢት አለ። የመብራቱ ትርኢት ትኬት ይቆረጥለታል፤ የውድላውን የእግር መንገድ ግን ያለ አስጎብኚ ለሚሄድ ሰው በነፃ ክፍት ነው። እኔ ግን አደራ የምለው ከአስጎብኚ ጋር እንድትሄዱ ነው፣ ዛፉ ብቻውን አይናገርምና። በካውንቲው የፓርኮች ድረ ገጽ ላይ አስቀድማችሁ ተመዝገቡ፤ አረጋዊ እንደምታመጡና እንደምትተረጉሙ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ መንገዱ ሥርና ድንጋይ ስላለበት ጠንካራ ጫማ አድርጉ፤ ውኃ ያዙ።

በዚህ አጋጣሚ ለአስጎብኚዋ፣ አባቴን እየደገፉ ለመለሱት በጎ ፈቃደኛ፣ እንዲህ ያሉ ሠራተኞችን ለሚያሰማራው የካውንቲው የፓርኮች መሥሪያ ቤትም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። እናንተም ሄዳችሁ ደስ ካላችሁ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ስለ እርሷ ጥቂት መስመር ጻፉላት፤ እኔ ጽፌአለሁ፤ ብዙ ሰው ሲጽፍ ግን የበለጠ ይሰማል። የሜሪላንድ ባሮች የነፃነት ቀን መታሰቢያ በኖቬምበር መጀመሪያ ሰሞን ሲዘጋጅ አባቴን ይዤ እሄዳለሁ። መኪና የሌለው ሽማግሌ ወይም አሮጊት ያለበት ቤተሰብ አብሮን መሄድ ቢፈልግ ይጻፍልኝ፤ ከኋላ ሁለት ሰው የሚይዝ ቦታ አለን።