ጠባቡን ሰርጥ በሰላም ላሻገሩን ካፒቴን ምስጋና፣ ለምትሄዱም ጥቆማ

ሰሞኑን እናቴንና ልጆቼን አሳፍረው በጠባቡ ሰርጥ በሰላም ላሳለፉን ካፒቴን ከልብ አመሰግናለሁ። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ጀልባ የምትከራዩ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ።

የወደድኩላቸው መጀመሪያ እምቢታቸውን ነው። እኛ ማለዳ መነሳት ፈልገን ነበር፤ አንድ ሌላ ባለጀልባም "ምን ችግር አለው፣ አሁኑኑ እንሂድ" ብሎናል። እሳቸው ግን የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ዘርግተው፣ "በዚያ ሰዓት ውሃው በሙሉ ጉልበቱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ነፋሱ ደግሞ ከባሕር ወደዚህ ነው። ሁለቱ ሰርጡ አፍ ላይ ሲጋጠሙ ሞገዱ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ እናትዎን ይዤ አልገባም" አሉኝ። ሙሉ ጨረቃ ስለነበረች የውሃው ጉልበት ከሌላው ቀን ይብሳል። ስለዚህ ፍሰቱ አቅጣጫውን ሊቀይር ሲል ቀጥ የሚልባትን አጭር ጊዜ ጠበቅን። ይህች ጊዜ በሰንጠረዡ ላይ ሙላት ከተባለው ሰዓት ጋር ሁልጊዜ አትገጥምም፤ ቦታውን የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከመነሳታችን በፊት ሁላችንም የሕይወት አድን ጃኬት ለበስን፤ መልህቁም ሞተር ቢጠፋ ወዲያው እንዲጣል ተዘጋጅቶ ተቀመጠ። ውስጥ ከገባን በኋላ ጉዟችን ዝግ ያለ ነበር። ጥልቀት በሌለው ውሃ ፍጥነት ሲጨመር የጀልባው ኋላ ወደ ታች ይሰምጣልና መሬት ሊነካ ይችላል።

ትልቁ ልጄ ግን እስካሁን የሚያወራው ስለ ሁለቱ የመሬት ምልክቶች ነው። የፊተኛው ዝቅ፣ የኋለኛው ከፍ ብሎ የተተከለ ነው፤ አንዱ በሌላው አናት ላይ ሲታይ መስመራችሁ ላይ ናችሁ። የኋለኛው ወደ ቀኝ ከታየ ወደ ቀኝ ተገፍታችኋል፣ ወደ ግራ መመለስ ነው። ካፒቴኑ "የጀልባዋ አፍንጫ ወደዚያ ስላየ ብቻ ወደዚያ እየሄደች አይምሰልህ፤ ውሃው በጎን ይወስዳታል" ብለው ምልክቶቹን እንዲጠብቅ ሥራ ሰጡት።

መንገዱን የያዙት በቀኝ ጠርዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብም የሚያዘው እንዲሁ ነው። ማዶው የማይታይ ኩርባ ጋ ስንደርስ አንድ ረጅም ጥሩምባ፣ ከ4 እስከ 6 ሰከንድ፣ ነፉ። ከወዲያ መልስ መጣ! ትልቅ መርከብ ነበር። ከ20 ሜትር የሚያንስ ጀልባ ከሰርጡ ውጭ መሄድ የማይችለውን መርከብ ማደናቀፍ የለበትምና ጥግ ይዘን አሳለፍነው።

የራሳችሁን ጀልባ ለምትነዱም አንድ ነገር ልጨምር። ከባሕር ወደ ወደብ ስትገቡ በአብዛኛው ዓለም ቀዩ ተንሳፋፊ ምልክት በግራ፣ አረንጓዴው በቀኝ ይሆናል፤ በአሜሪካ አህጉር፣ በጃፓን፣ በኮሪያና በፊሊፒንስ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሳታጣሩ አትግቡ።

ካፒቴኑ መሪ ሲይዙ ጨዋታ አይወዱም፣ ስልክም አያነሱም፤ አስጎብኚ ለሚፈልግ ሰው ዝምታቸው ሊከብደው ይችላል። ለእኔ ተመችቶኛል። የሕፃናት ጃኬት በየልኩ ስላላቸው ስትደውሉ የልጆቻችሁን ክብደት ንገሯቸው።