ለታፔላ ጻፊው ጋሼ ምስጋና፣ ለእናንተ ደግሞ ጥቆማ

ባለፈው ሳምንት የ16 ገጽ ኮሚክ፣ ማለትም ሳጥን በሳጥን በሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ ጨረስኩ። ለማያውቀኝ ሰው ይህ ዜና አይደለም። የሚያውቁኝ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ «እየሠራሁ ነው» ስል የሰሙኝ ናቸውና ሳቃቸው እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እንድጨርስ ያደረጉኝ ሰው የሥዕል መምህር አይደሉም፤ ኮሚክም በሕይወታቸው አንብበው አያውቁም። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ታፔላ የሚጽፉ አዛውንት ናቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳላወጣ ስላዘዙኝ፣ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

በመጀመሪያ የራሴን በሽታ ልናገር። ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ እሥላለሁ። የምሥለው ሰፈራችንን ነው፤ የጠዋቱን የታክሲ ሰልፍ፣ ውሃ በሚመጣበት የፈረቃ ቀን ከአራተኛ ፎቅ የሚወርደውን ጀሪካን፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ተጣልተው እዚያው ደረጃ ላይ የሚታረቁትን ጎረቤቶች። ችግሬ አንድም ነገር መተው አለመቻሌ ነበር። ነጠላ ከሣልኩ የጥለቱ ክር መቆጠር አለበት። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ እጥፋቱ አንድም ሳይቀር መውጣት አለበት። ጥላውን በቀጭን ብዕር፣ መስመር በመስመር ላይ እያቋረጥኩ ስሞላ አምሽቼ ዓይኔ ይቀላል። ስድስት ሳጥን ያለው አንድ ገጽ ሦስት ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። የከፋው ደግሞ ሦስተኛው ሳምንት ላይ እጄ ከመጀመሪያው ሳምንት ስለሚፈታ፣ የመጀመሪያው ሳጥን ያስጠላኝና አፍርሼ እንደገና እጀምረዋለሁ።

ስሙን የማላነሣው አንድ ድርጅት ስለ እጅ መታጠብ ለልጆች የሚሆን የ16 ገጽ ኮሚክ አዝዞኝ ነበር። ሁለት ወር ሰጡኝ። በሁለት ወር ሦስት ገጽ ይዤ ሄድኩ። ገጾቹን አይተው በጣም ካደነቁ በኋላ ውሉን አፈረሱ፤ ቀብዱንም መለስኩ። ያን ጊዜ «ጥበብ የማይገባቸው» እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁባቸው። አሁን ሳስበው የሚያስፈልጋቸው የሚያነብ ልጅ እንጂ የሚደነቅ ነጠላ አልነበረም።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት በእኅቴ ምክንያት ነው። ዳቦ ቤት ከፍታ ታፔላ ፈለገች። ባነር እንድታሳትም መክሬያት ነበር፤ እርሷ ግን በዓመቱ ፀሐይ አንጥቶት ከሚቀደድ ጨርቅ ላሜራ ይሻለኛል አለች። ጋሼ ቱቦላሬው ላይ የተበየደውን ላሜራ በነጭ ቀለም ቀብተው እስኪደርቅ ስንጠብቅ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከነበሩት ገጾች አንዱን አሳየኋቸው። ሙገሳ ፈልጌ እንደነበር አልደብቅም። ገጹን ተቀብለው ምንም ሳይናገሩ አስፋልቱን ተሻገሩና ማዶ ካለው የመብራት ምሰሶ ጋር አስደግፈውት ተመለሱ።

«ምን ይታይሻል?» አሉኝ።

«ግራጫ ነገር።»

«እኔም ያየሁት እሱኑ ነው።»

ከዚያ ስለ ሥራቸው ነገሩኝ። ታፔላ የሚነበበው ከሚኒባስ መስኮት ነው። ተሳፋሪው እየተጋፋ፣ ረዳቱ እየጮኸ፣ መኪናው እየሄደ ዳቦ ቤቱ ካልታየው ታፔላው ውበት ኖረው አልኖረው ለውጥ የለውም። የኮሚክ አንባቢ ቁጭ ብሎ ነው የሚያነብ ብዬ ተከራከርኩ። «ልጅ ገጽ ሲገልጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከሚኒባስ ይፈጥናል» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩና አስተምሩኝ አልኳቸው። ክፍያ ስጠይቃቸው «ገንዘብ ከከፈልሽ ደንበኛ ትሆኛለሽ፤ ደንበኛ ደግሞ አይቆጡትም» አሉ። ስለዚህ ስምንት ቅዳሜ እርሳቸው በጠመኔ የነደፉትን ፊደል በብሩሽ ሞላሁ፤ በአኳራጅ ብሩሽ አጠብኩ፤ እርሳቸውም በነፃነት ተቆጡኝ።

የሚገርመው፣ ጋሼ ሳያውቁት ለብዙ ዓመታት ኮሚክ ሠሪ ነበሩ። በወጣትነታቸው በፍየል ቆዳ ላይ የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ እየሣሉ ለቱሪስት ዕቃ ነጋዴዎች ያስረክቡ ነበር። ያን ሥዕል ያላየ የለም፤ ከዘንዶው ከአርዌ ጀምሮ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ሳጥን ተከፋፍሎ፣ ከየሳጥኑ ጋር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ያለው። እኔ ኮሚክ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ አድርጌ የቆጠርኩት ሴትዮ፣ በየስጦታ ዕቃ መሸጫው ግድግዳ ላይ ሳልፈው ኖሬያለሁ። ጋሼ እያንዳንዱን ሰው በስንት ጭረት እንደሚጨርሱት እጃቸው ያውቃል። ካርቶን ላይ ንጉሡን ሲሥሉ ቆጠርኩ፤ ዘውዱን ጨምሮ 22። «23ኛዋ ከመጣች ቆዳው ላይ ትርፍ የለም» አሉ። ለካ እርሳቸውን የገራቸው ገበያው ነው፤ በሥዕሉ ብዛት እንጂ በጭረቱ ብዛት የሚከፍል አልነበረም።

የመጀመሪያው ትምህርት አዋረደኝ። ዋና ዋና ሰዎቼን በሙሉ በጥቁር ቀለም ሞልቼ እንዳመጣ አዘዙኝ፤ ዓይን የለም፣ አፍ የለም፣ ጥላቸው ብቻ። አራት ሴቶች ሥዬ ነበር፤ ጥቁር ሲሆኑ አራቱም አንዲት ሴት ሆኑ። በጥለታቸውና በጉትቻቸው ብቻ ነበር የሚለያዩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ስፈጥር ከጥላው እጀምራለሁ። የውሃ ሰልፉን የምትመራው ሴት ሻሽዋ ከራሷ ሁለት እጥፍ ይሆናል። የጥበቃው ሰውዬ ጋቢውን እስከ ጆሮው ስለሚከናነብ የቆመ ድንኳን ነው። ልጁ ቀጭን ዘንግ ነው፤ የያዘው ጀሪካን ከእርሱ ይበልጣል። አራተኛዋ ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላ አትለያትም። አሁን የጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ እንኳ ብሥላቸው ማን ማን እንደሆነ ይለያል።

እጅ ሌላው ጣጣዬ ነበር፤ አምስቱን ጣት ከነአንጓው ነበር የምሥለው። ጋሼ «ሥራ የሌለውን ጣት አትቁጠሪው» አሉ። እጁ ጓንት ይሁን፣ አውራ ጣቱ ብቻ ይለይ፤ ጣት የሚወጣው ሲጠቁም፣ ሲቆጥር ወይም ሲቆነጥጥ ነው። ስለ ጀርባው ምስልም እንዲሁ። ሕንጻውን፣ ደረጃውን፣ የተደረደረውን ጀሪካን በመጀመሪያው ሳጥን አንድ ጊዜ በደንብ አሳያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳጥኖች የደረጃው ብረት ጫፍ ትበቃለች። አንባቢው ቀሪውን ራሱ ይዞት ይሄዳል። ጥላ ደግሞ ሦስት ዓይነት ብቻ ሆነ፤ ጥቁር፣ ነጭና አንድ ግራጫ። በሁለት ብዕር እሠራለሁ፤ ወፍራሙ ለዙሪያው፣ ቀጭኑ ለውስጡ። ሌሎቹን ብዕሮቼን እኅቴ የዱቤ መዝገብ ትጽፍባቸዋለች።

ብዙ ጊዜ የወሰደው ግን ፊደሉ ነው፤ ስለ ፊደል ደግሞ የታፔላ ጻፊን ያህል የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔ ሥዕሉን ጨርሼ በተረፈችው ጥግ ንግግሩን እጠቀጥቅ ነበር። ጋሼ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት፤ «መጀመሪያ ፊደሉን አስቀምጪ፣ ሰዎችሽ በተረፈው ቦታ ይኑሩ።» አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው። «እንዳልነገርኳችሁ» ብቻውን አንድ መስመር ይበላል። የሰዎቹ ንግግር በሚጻፍበት ጠባብ ክብ፣ በንግግር ፊኛ ውስጥ ለሁለት ስትሰብረው አንባቢው ይሰናከላል። ስለዚህ አሁን በየሳጥኑ ረጅሙን ቃል እፈልግና ፊኛዬን በእርሱ ልክ እቆርጣለሁ። ቃሉ ካልገባ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥራለሁ፤ ባልጠበቅሁት መንገድ ጽሑፌም ተሻሻለ።

ሌላም አለ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ብዙዎቹም ከቤተሰባቸው የሚለዩት ጎናቸው ወይም እግራቸው ላይ ባለች ትንሽ ጭረት ነው። የ«ቡ» ጭረት ከወገቡ ላይ ናት፣ የ«ቢ» ደግሞ ከእግሩ። ፊደሉ ሲያንስና ብዕሩ ሲወፍር «ቡና» «ቢና» ይሆናል። እኔ በኤ-4 ወረቀት ሥዬ በግማሹ ስለማሳትም ይህ በየገጹ ይደርስብኝ ነበር። ጋሼ ጭረቷን ከሚገባት በላይ አርዝሜ እንድጽፍ አሠለጠኑኝ። በቅርብ ሲያዩት ያስቀይማል፤ ሲታተም ግን ልክ ይመጣል።

አንድ ቀን ስለ ፊት ጠየቅኋቸው። ሰውዬው ክፉ መሆኑን ለማሳየት ግንባሩን በመጨማደድና በጥላ አጨናንቄው ነበር። በቀደመው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው በሁለት ዓይናቸው ሲሣሉ፣ ክፉዎች በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ እንደሚታይ አስታወሱኝ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ፤ የሥራ ዘዴ ይሆነኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የቅዱሳን ሥዕል ለመኮረጅ አልሞከርኩም፤ አይገባምም። ነገር ግን በታሪኬ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ከሰው ጀሪካን ውሃ የሚቀዳው ጎረቤት በ16ቱም ገጽ አንድ ጊዜ እንኳ ፊቱን ወደ አንባቢው አላዞረም። የእኅቴ ልጅ ማንም ሳይነግራት በሁለተኛው ገጽ ላይ «ይኼ ሌባ ነው» አለች። ቀድሞ በአንድ ግንባር ላይ አንድ ማታ እጨርስ ነበር።

አሁን አንድ ገጽ በሁለት ማታ ያልቃል። በእርግጥ የሥራ አካሄዴም ተቀይሯል። የ16ቱን ገጽ ንድፍ በአንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ የሁሉንም ፊደል፣ በመጨረሻ የሁሉንም ቀለም እሠራለሁ፤ እጄ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ዓይነት የሆነው በዚህ ነው። ለአንድ ሳጥን ቀለም 20 ደቂቃ እሰጠዋለሁ። የስልኬ ደወል ሲጮህ ብዕሬን አነሣለሁ። አንዳንዴ አላነሣም።

የጎደለብኝ ነገር የለም ብል እዋሻለሁ። ያ ክር በክር የሚሣል ጥለት ይናፍቀኛል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ኮሚክ ውስጥ አንድ ሰፊ ሳጥን ለራሴ አስቀርቻለሁ፤ በዚህኛው ስምንተኛው ገጽ ላይ ነው፣ ከዝናብ በኋላ ከሰገነቴ የሚታየው የሕንጻዎቹ ጣሪያ ሁሉ። አራት ማታ ፈጀ። ጋሼ አይተውት «ይህ ታፔላ አይሆንም» አሉ፤ ቶሎ ግን አልመለሱልኝም።

እንግዲህ ወደ ጥቆማው። ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ ጋራዥ፣ መዋዕለ ሕፃናት ያላችሁ ሁሉ ታፔላችሁን እርሳቸው ዘንድ አሠሩ። የእኅቴ ታፔላ አንድ ሙሉ ክረምት አልፎበት ፊደሉ አልተላጠም። ሥዕል የምትሞክሩ፣ በተለይ እንደ እኔ ጀምሮ መጨረስ ያቃታችሁ፣ ገጻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮዬ ፈጬ ስትሄዱ በግራ በኩል፣ በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበትን ቆርቆሮ ፈልጉ። አዎ፣ የታፔላ ጻፊው ቤት ታፔላ የለውም። ሦስት ጊዜ ጠይቄያቸው ሦስት የተለያየ ምክንያት ሰጥተውኛል።

ጉድለታቸውንም ላስጠንቅቃችሁ። ሐሙስ ይደርሳል ያሉት ሥራ በሚቀጥለው ማክሰኞ ቢደርስ ዕድለኛ ናችሁ። አኳራጁ ራስ ያዞራል፤ አስም ያለበት ሰው ከበር ውጪ ይቀመጥ። ዋጋ ላይ አይከራከሩም፤ የተናገሩት የተናገሩት ነው። ሙገሳ ፈልጎ የሄደ ሰው ደግሞ ገጹን የሚያገኘው ከመንገዱ ማዶ ነው።

ጋሼ፣ ይህን እንደማያነቡት አውቃለሁ። ልጅዎ እንዲያነብልዎት ልኬለታለሁ። ኮሚኩ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ አንዱን ቅጂ ይዤ እመጣለሁ፤ ቅዳሜ፣ ከአራት ሰዓት በፊት፣ አስፋልቱን የሚሻገር መኪና ሳይበዛ።