ከጦር ማሠልጠኛ ወደ ስፌት መስመር፦ ደሴ ስለተከታተልሁት የአመራር ሥልጠና

ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። አንድ ጡረተኛ ሻምበል ደሴ ፒያሳ አካባቢ በተከራዩት ክፍል ለፋብሪካ ኃላፊዎች የሚሰጡትን የአመራር ሥልጠና፣ በ3,200 ብር ለ4 ቅዳሜዎች የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ ተከታትያለሁ።

ሥልጠናው የሚጀምረው «ምልምሉን ወታደር የሚያደርገው ማን ነው?» በሚል ጥያቄ ሲሆን፣ አብዛኞቻችን «አዛዡ» ብለን መለስን። ሻምበሉ ይህን ለማረም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 ተቋቁሞ እስከ 2025 የቆየውን የአሜሪካ ጦር የሥልጠናና የዶክትሪን (የውጊያ መመሪያ) ዕዝ በምሳሌነት አቀረቡ። ዕዙን ይመራ የነበረው ባለ 4 ኮከብ ጄኔራል ቢሆንም፣ የመምሪያዎችን ሥራ ያቀናጅ የነበረው ኤታማዦር ሹሙ ነው፤ በቀድሞው ማዕረጋችን ሻለቃ ባሻ ልንለው የምንችለው አንጋፋ የበታች ሹም ደግሞ ስለ ተራው ወታደር አያያዝና ስለ ሥልጠናው ደረጃ አዛዡን ያማክር ነበር። ከምልምሉ ጋር ከንጋት እስከ ማታ የሚውለው ግን አሠልጣኙ ሃምሳ አለቃ ነው፤ እርሱም ሰፊውን የአሠልጣኝ ባርኔጣ ከማድረጉ በፊት ፎርት ጃክሰን በሚገኘው የአሠልጣኞች ትምህርት ቤት መሠልጠን ይኖርበታል።

ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። ሻምበሉ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የተጀመረውን የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤትና በሕንድ መኮንኖች የተደራጀውን የሐረር ጦር አካዳሚ አንሥተው፣ ከውጭ የመጣ አሠልጣኝ ተተኪውን ሳያፈራ ከሄደ ትምህርቱም አብሮት እንደሚሄድ አስረዱን። ይህን ስሰማ የገዛ ፋብሪካችንን አስታወስሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ኦፕሬተሮች ያስተማሩት የውጭ ባለሙያዎች ሲመለሱ የማስተማሩ ኃላፊነት ለማንም በግልጽ ስላልተሰጠ፣ አዲስ የገባችው ልጅ አጠገቧ ከተቀመጠችው ያየችውን ስሕተት ጭምር ትወርሳለች። እኔም ራሴ አስተምሬ ራሴ እፈትን ነበር፤ ያስተማርኋትን ልጅ መጣል ደግሞ ለማንም ይከብዳል። ሻምበሉ መለኪያውን የሚያወጣው፣ የሚያስተምረውና የሚፈትነው የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ አጥብቀው ስለመከሩን፣ አሁን ፈተናውን ለጥራት ተቆጣጣሪዋ አስረክቤያለሁ።

ጉድለቶቹንም ልጥቀስ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ግማሽ ቀን ማዕረጎችን በመዘርዘር አለቀ፤ ይህ ለፋብሪካ ሰው አንድ ሰዓት ይበቃው ነበር። የታደለን ጽሑፍ ኮፒው ደብዝዞ የአደረጃጀት ሠንጠረዡ አይነበብም። ከሁሉም በላይ ቅር ያሰኘኝ፣ ወታደር በትእዛዝ የሚቆይ ሲሆን ሠራተኛ ግን ደመወዙ ካልተስማማው በማግስቱ ሊቀር እንደሚችል በቂ ውይይት አለመደረጉ ነው። ጥያቄውን ሳነሣ ሻምበሉ በትሕትና ተቀብለውኝ፣ ምልምል በስድብ እንደማይሠለጥን ከራሳቸው አገልግሎት ምሳሌ ጠቀሱልኝ፤ ሆኖም ጉዳዩ ራሱን የቻለ አንድ ቀን ይገባው ነበር።

ብቻውን ለሚመጣ ሰው ጥቅሙ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በመጨረሻው ቅዳሜ የሚደረገው ልምምድ የአዛዥን፣ የአሠልጣኝንና የፈታኝን ድርሻ ተከፋፍለው የሚጫወቱ ቢያንስ 3 የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎችን ይፈልጋል። እኔ ከማላውቃቸው ጋር ስለተመደብሁ ልምምዱን በእኛ መስመር ላይ ልሞክረው አልቻልሁም። ሻምበሉ ያለፈ ሠልጣኝ አንዱን ቅዳሜ ያለ ክፍያ እንዲደግም ስለሚፈቅዱ፣ በሚቀጥለው ዙር የጥራት ተቆጣጣሪዋንና አንድ የመስመር ኃላፊ ይዤ እመለሳለሁ።